ቫሮዋን ያለ መድኃኒት

ሐዋሳ በሚገኘው ቤቴ ጓሮ ያሉትን አራት ቀፎዎች ስከፍት ቀድሞ የምፈራው መነደፍን ነበር፤ አሁን ግን ዓይኔ አስቀድሞ የሚፈልገው በንቦቹ ሆድ ሥር የምትጣበቀውን ቀይ ቡናማ ተባይ፣ ቫሮዋን ነው። በዕድሜም በልምድም የሚበልጡኝ ጎረቤቴ «የንብ ቅማል ናት፣ ልጄ፤ ድሮም ነበረች» ብለውኝ ነበር። የንብ ቅማል በእርግጥ አለች፤ እሷ ግን ክንፍ የሌላት የዝንብ ዘመድ ስለሆነች እግሯ ስድስት ሲሆን የቫሮዋ ስምንት ነው። ቫሮዋን በአጉሊ መነጽር ሲያዩዋት «የምስር ክክ ትመስላለች» አሉኝ፤ ከዚህ የተሻለ ገለጻ አላጋጠመኝም።

መድኃኒት የማልጠቀመው ሰም አንዳንዱን ኬሚካል አምቆ ስለሚያቆይ፣ ተባይዋም እየቆየች ስለምትላመደው ነው። በዚህ ፈንታ አስቀድሜ እቆጥራለሁ። ንግሥቲቱ አለመኖሯን ካረጋገጥሁ በኋላ ከእጭ ሰፈፍ ላይ 300 ያህል ንቦችን በጠርሙስ ይዤ፣ አፉን በወንፊት ሸፍኜ፣ በደቀቀ ስኳር ነስንሼ ጥቂት ካቆየሁ በኋላ በነጭ ሳህን ላይ አራግፋለሁ። ሳህኑ ላይ ውሃ ሲረጭ ስኳሩ ይሟሟል፣ ተባዮቹም ይታያሉ፤ ዘጠኝ ከተገኙ ከመቶ ንብ ሦስት ማለት ነው። ንቦቹ ስኳር እንደተቀቡ በሕይወት ወደ ቀፏቸው ይመለሳሉ።

ቫሮዋ የምትራባው በሰም በታሸገ የእጭ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከሠራተኛ ንብ ይልቅ የድንጉላ (የወንድ ንብ) እጭን አጥብቃ ትመርጣለች፤ የድንጉላው ክፍል ታሽጎ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚረዝም ለመባዛት ይመቻታል። ስለዚህ ሰም ያልተለጠፈበት ባዶ ፍሬም አስገባለሁ፣ ንቦቹ በብዛት የድንጉላ ሰፈፍ ይሠሩበታል፣ ከታሸገ በኋላም ቆርጬ ለዶሮዎች እሰጣለሁ። ድንጉላ ከእንቁላል ጀምሮ በ24 ቀን ስለሚፈለፈል ቀኑን መጻፍ ግድ ነው፤ አምና በለቅሶ ምክንያት በ26ኛው ቀን ደርሼ፣ ላጠምዳት የፈለግኋትን ተባይ በገዛ እጄ አርብቼ አገኘሁ።

በውጭ አገር መጻሕፍት የሚመከረውን፣ ተባይዋ የምትራባበት እጭ እንዳይኖር ንግሥቲቱን ለሦስት ሳምንት ያህል በአነስተኛ ማገቻ ማቆየትን፣ አልሞከርኩትም። የእኛ ንቦች ሲረበሹ ቀፏቸውን ጥለው የመሄድ ልማድ ስላላቸው ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጥብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ይልቁንም ቆጠራው ደጋግሞ ዝቅ ከሚልበት ቀፎ ንግሥት አራብቼ፣ ከፍ በሚልበት ቀፎ ያለችውን እተካለሁ። በዚህ ወር ከአራቱ አንደኛው ቀፎ ዘጠኝ ተቆጥሮበታል፤ የተቀሩት ሦስቱ ከሁለት አልበለጡም፤ የምቀይረውም የዚያን አንዱን ንግሥት ነው።