እንቁጣጣሽ በአርቪ፦ ፔን ስቴት አጠገብ ለመሰንበት እስካሁን የደረስንበት

ልጃችን ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ የአርቪያችን (አልጋና ኩሽና ያላት የጉዞ መኪናችን ማለቴ ነው) መንገድ አንድ ሆኗል። ከሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን፣ ዩኒቨርሲቲው ወዳለባት ስቴት ኮሌጅ ወደምትባል የፔንሲልቬንያ ከተማ። በትንሽ መኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በአርቪ አራት ሰዓት በሉት። እማዬ አብራን ካለች ደግሞ ማረፊያውንም ጨምሩበት። ዘንድሮ የ2019ን እንቁጣጣሽ እዚያው እናከብራለን ብለናል። ልጅቷ ከክላስ መቅረት አትችልም፤ እኛ ግን መሄድ እንችላለን። እቅዱ የት እንደደረሰና በፊት በሄድንባቸው ጊዜያት ያየሁትን ላካፍላችሁ። ልጅ ኮሌጅ ያስገባችሁ፣ ወይም ለማስገባት ሽር ጉድ የምትሉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

እንዲህ ዓይነት ከተማ አጠገብ ካምፕ ስታስቡ፣ ካርታ ከመክፈታችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ካላንደር ክፈቱ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ስቴት ኮሌጅ 40,000 ገደማ ነዋሪ ነው ያላት። የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የሚጫወትበት ቢቨር ስታዲየም ግን ከ100,000 ሰው በላይ ያስቀምጣል። የከተማው ሰው ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ቢገባ ግማሹን አይሞላውም። የቀረው ሰው ከየት ይመጣል? ከሌላ ከተማ ነዋ! ብዙው ደግሞ የሚመጣው በአርቪ ነው። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር፣ ቡድኑ በሜዳው በሚጫወትበት ቅዳሜ በአካባቢው ያለ ካምፕ ሁሉ ጢም ይላል። ሆቴሉም ዋጋውን ሰማይ ይሰቅላል። ስለዚህ እኔ የጨዋታ መርሐ ግብሩን የማየው እንደ ደጋፊ አይደለም። ቡድኑ ከከተማ የሚወጣበትን ቅዳሜ ነው የምፈልገው።

ዘንድሮ እድላችን ቀና። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ዓርብ ይውላል። በማግስቱ ቅዳሜ ቡድኑ የሚጫወተው ከሜዳው ውጭ ነው። ሌበር ደይም አልፏል፤ የበጋው ግርግር ቀዝቅዟል። ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም።

የኳሱ ነገር ብቻ ግን አይደለም። ሜይ ላይ ምርቃት አለ። ጁላይ ላይ የሥነ ጥበብ ፌስቲቫል አለ፣ መሀል ከተማውን ሙሉ ይይዘዋል። ልጅ የምናስገባበት ኦገስት ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። ተማሪው ሁሉ በዚያ ሳምንት ዕቃውን ተሸክሞ ይገባል። በዚያው ሰሞን ሴንተር ሆል በምትባል አጠገብ ያለች መንደር የግሬንጅ ፌር ይመጣል። ይህን ሳላነሳ አላልፍም። ከ1874 ጀምሮ የሚካሄድ የገበሬዎች ትርኢት ነው። ሰዉ ዞር ዞር ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስበት አይደለም፤ እዚያው ያድራል። ወደ 1,000 ድንኳንና ወደ 1,500 አርቪ በመደዳ ይሰፍራል። የድንኳን ቦታው ከአያት ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሶፋና ፍሪጅ ገብቶ ታያላችሁ። ለጥምቀት ጃንሜዳ ያደረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ለማየት ሂዱ፣ እጅግ ደስ ይላል። በዚያ ሳምንት አርቪ ማቆሚያ ፍለጋ ግን ባትወጡ ይሻላል።

ቦታ አያያዙን በተመለከተ፣ የፔንሲልቬንያ ስቴት ፓርኮች ከመድረሻችሁ ቀን 11 ወር አስቀድሞ መያዝ ይፈቅዳሉ። የእኛ ቀን የተከፈተው እንግዲህ ባለፈው ኦክቶበር ነው። መብራት ያላቸው ሳይቶች (የአርቪ ማቆሚያ ቦታዎች) ቶሎ ያልቃሉ። ስልኬ ላይ አስታዋሽ ሞልቼ ጠዋቱን ቡናዬን ይዤ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። መግቢያው በነፃ ነው። ለአዳሩ ግን ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው ትንሽ ጨምሮ ይከፍላል።

ሁለት ፓርኮች አወዳድሬ ነበር። አንዱ ባልድ ኢግል ነው፣ ሀዋርድ የምትባል ከተማ አጠገብ፣ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር። ከዩኒቨርሲቲው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይርቃል። መንገዱ ለአርቪ ገር ነው፤ መብራት፣ ሻወር፣ ሁሉ አለው። ሌላው ብላክ ሞሻነን ነው። ተራራው አናት ላይ፣ ጫካ ውስጥ። የሐይቁ ውሃ ቡናማ ነው። ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ፤ ረግረጉ ላይ የሚበቅሉት እፅዋት ናቸው ቀለም የሚሰጡት። በእንጨት ድልድዩ ረግረጉን ስታቋርጡ ነፍሳት የሚበሉ ተክሎች ታያላችሁ። ልቤ ወደዚህኛው ነበር። ግን አቀበቱ ለአርቪ ከባድ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጫካው ውስጥ ስልክም ይደክማል። ልጅቷ ማታ ደውላ ካላገኘችን እማዬ እንቅልፍ አይወስዳትም። ባልድ ኢግልን ያዝን። ብላክ ሞሻነን ከዚያ ለአንድ ቀን በትንሽ መኪና ተኪዶ ይታያል።

የትንሽ መኪናውን ነገር አደራ። አርቪ ይዛችሁ መሀል ከተማ ለመግባት አታስቡ። የፎቁ ፓርኪንግ ጣሪያ ዝቅተኛ ነው፣ መንገድ ዳር ደግሞ ለትንሽ መኪናም ቦታ የለም። እኛ ዘንድ አንዱ አርቪውን ይነዳል፣ ሌላው በመኪናዋ ይከተላል። ለተማሪ ዕቃ ማስገባትም ሆነ ልጅቷን ከዶርም ወደ ካምፕ ለማመላለስ ከዚህ የተሻለ መላ የለም።

አሁን ወደምወደው ርዕስ ልግባ። መብራት።

አርቪያችን ባለ 30 አምፕ ነው። 30 አምፕ በ120 ቮልት ሲባዛ 3,600 ዋት ይሆናል። ይህን ቁጥር ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። ጣሪያ ላይ ያለው ኤሲ ሲሠራ 1,500 ገደማ ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድም (ያችኑ ለኖርዌጂያኖች ቂጣ ተሠርታ ሐበሻ ለእንጀራ የወረሳትን ማለቴ ነው) ሌላ 1,500 ገደማ ትበላለች። ሁለቱ ሲደመሩ 3,000። እዚህ ላይ አንድ ሰው ማይክሮዌቭ ሲከፍት ብሬከሩ ይቆርጣል። በዚያ ላይ የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ላይ ከተተወ፣ ምጣዱ እንኳ ሳይመጣ ጉዳዩ አልቋል። የውስጥ ሶኬቶችም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ባለ 15 አምፕ መስመር ስለሚያያዙ፣ ምጣድና የውሃ ማፍያ አንድ ጥግ ላይ ጎን ለጎን አይሠሩም።

የደረስንበት መላ ይኸው። ሳይቱ ላይ የቆመውን የመብራት ሳጥን ክዳን ከፍታችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ ከ30ው ሶኬት ጎን ተራ ባለ 20 አምፕ ሶኬት አለ። ከአርቪው ጋር አይነካካም፣ የራሱ ብሬከር አለው። 2,400 ዋት ማለት ነው፤ ለምጣድ ይበቃል። ወፍራም የውጭ ገመድ ግዙ፣ 12 ጌጅ የሚባለውን። ቀጭኑ ይሞቃል፣ በምጣድ ጭራሽ አትሞክሩት። ምጣዱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋችሁ፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩል በአርቪው ጥላ ሥር አስቀምጡ። ነፋስ ካለ ምጣዱ ሙቀቱን አይይዝም፣ የእንጀራው ዓይን አይወጣም። እማዬ ክዳኑን ገልጣ «ይቺ እኮ ፊቷን አዞረች» ያለችው ነፋሱ ሲነካው ነው።

እርግጥ ብዙውን እንጀራ ቤት ጋግሬ ነው የምሄደው። ካምፕ ላይ የምንጋግረው ለልጅቷ ትኩስ ለማብላት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለወሬውም ጭምር ነው።

ቡና መቁላት አርቪ ውስጥ አይሞከርም። ጭስ ጠቋሚው ይጮሃል፤ ያው ድምፁን ታውቁታላችሁ። ውጭ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ነው የምንቆላው። የዝምታ ሰዓት ከማታ 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሙቀጫ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አይወቀጥም። እማዬ በዚህ ሕግ እስካሁን አልተስማማችም። አንድ ጊዜ ጠብቃ ጠብቃ ልክ ሰዓቱ ሲደርስ መውቀጥ ስትጀምር፣ ከጎን ያሉ ባልና ሚስት ውሻቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ሽታው ነው የጠራቸው። አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ፣ በረካ ላይ ሰውዬው ሄዶ የሐይቅ ዳር ወንበሩን ይዞ መጣ። አርቪው እንዳያዘነብል ጎማ ሥር የሚገቡትን የፕላስቲክ ጡቦች እንዴት እንደሚደረድር ያሳየኝም እሱ ነው። መጀመሪያ ግራና ቀኙን በጡቦቹ፣ ከዚያ ጎማው ሥር ማገጃ፣ ከዚያ ወዲያ ነው መደገፊያ እግሮች የሚወርዱት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ፍሪጁም በደንብ አይሠራ፣ ሰውም በአልጋው ላይ ሲንሸራተት ያድራል።

መንገዱን በአጭሩ። አውራ ጎዳና 270ን ይዞ ፍሬድሪክ፣ ከዚያ በ15 ጌቲስበርግን አልፎ ሀሪስበርግ፣ ከዚያ 22/322 በሳስኳሃናና በጁኒያታ ወንዞች ዳር። ነዳጅ ሜሪላንድ ውስጥ ሙሉ፤ ፔንሲልቬንያ ታክሱ ይበዛል። ሉዊስታውንን ካለፋችሁ በኋላ ሰቨን ማውንቴንስ የሚባለው ይመጣል። አቀበቱ ሞተር ያስጮሃል፣ አስቸጋሪው ግን ቁልቁለቱ ነው። እድሜያቸውን በትራክ የጨረሱ አንድ ጋሼ አሉን። የመጀመሪያ ጉዟችን ሳይጀመር ጠሩኝና «ልጄ፣ ተራራ በወጣህበት ማርሽ ነው የሚወረደው። ፍሬን ለማቆም እንጂ ለመውረድ አይደለም» አሉኝ። «ጋሼ፣ አውቶማቲክ እኮ ነው» ብላቸው ሳቁ። «አውቶማቲክም ዝቅ ይላል፣ አንተ ብቻ ዝቅ አድርገው።» አናት ላይ ከመድረሴ በፊት ማርሹን ዝቅ አደርጋለሁ። ከኋላ የሚያንባርቅ ካለ በግራ ይለፍ።

ከባልቲሞር ወዲያ ለምትነሱ አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮፔን የያዘ አርቪ በባልቲሞር ሃርበር ተነልም ሆነ በፎርት ማክሄንሪ ተነል እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። በ695 ዙሩ።

ንጹሕ ውሃ ከቤት ሞልታችሁ አትጓዙ። ጋሎኑ ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ ባለ 40 ጋሎን ታንክ ሲሞላ ከ330 ፓውንድ ያልፋል። ይህን ተራራ ላይ መጎተት ለምን? እዚያው ፓርኩ ውስጥ ይሞላል። ስትወጡ ደግሞ ደምፕ ስቴሽኑ (የቆሻሻ ውሃ መልቀቂያው) ላይ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ታንክ፣ ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያውን ልቀቁ፤ ሁለተኛው ቱቦውን ያጥበዋል። ጓንት አይረሳ። ስለዚህ ርዕስ ከዚህ በላይ ምግብ አጠገብ አይወራም።

ሕጎቹን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። በስቴት ፓርኮቹ አልኮል ክልክል ነው። ጠጁ ቤት ይቅር፤ ብርዝ ይዘናል። የማገዶ እንጨት ከሜሪላንድ አትጫኑ፣ እዚያው ግዙ፤ ተባይ አብሮ ይሄዳል። ሲመለሱም ያው ነው። ላንተርንፍላይ የሚሉት ዛፍ መጣጭ ነፍሳት አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው እዚያው ፔንሲልቬንያ፣ በ2014 ነው። እንቁላሉን እንደ ልብ በየቦታው ይለጥፋል። የደረቀ ጭቃ ነው ብላችሁ የምታልፉት ግራጫ ልጥፍ፣ ጎማ ሥር ወይም ከመከላከያው ጀርባ ካገኛችሁ በአሮጌ ካርድ ፍቃችሁ የማጽጃ አልኮል ያለበት ፌስታል ውስጥ ጨምሩት። እኔ ከመነሳታችን በፊት በባትሪ እየዞርኩ አያለሁ፤ ልጆቹ ይስቁብኛል።

አሁን የቀረው ምግቡ ነው። እንቁጣጣሹ ዓርብ ስለሚውል ቀኑ ጾም ነው፤ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይሆናል። ዶሮው ለቅዳሜ ነው። ሽንኩርቱን ካምፕ ላይ ማቁላላት አይታሰብም። ወጡን ሁለት ቀን አስቀድማ እማዬ ቤት ትሠራዋለች፣ በረዶ ሆኖ ኩለር ውስጥ ይገባል፣ እስከ ቅዳሜ ቀስ እያለ ይፈታል። እንቁላሉ ግን እዚያው ተቀቅሎ ይጨመራል። ልጅቷ ስንት ጓደኛ ይዛ እንደምትመጣ ገና አልነገረችንም። «ጥቂት ነን» ነው የምትለው። ባለፈው ጥቂት ያለቻቸው ጊዜ ወንበር ከጎረቤት ተበድረናል። ስለዚህ ዶሮው ሁለት ይሆናል፣ የተረፈው በዕቃ ተደርጎ ዶርም ይገባል። አበባ አየሆሽ የሚያዜም ከመጣም ድፎ ዳቦው ተዘጋጅቷል።