ቅባቱን ብቻ ስጪኝ

የምሠራበት ፋርማሲ ባለቤት አንድ የሚወዳት ታሪክ አለችው። ለአከፋፋዮቹም ለደንበኛውም ያወራታል። እኔ እንዳየሁት ልንገራችሁ።

እማማ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ቤታሜታዞን የሚባለው የማሳከክ ማስታገሻ ቅባት ሲያልቅባቸው ከማታዋ ተረኛ ይገዛሉ። "ችፌ ነው" ይላሉ። አንድ ቀን እኔ ተረኛ ሆንኩ።

"የት ነው የሚቀቡት እማማ?"

ዞር ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጡቴ ጫፍ ላይ።"

"ሁለቱም ላይ?"

"አይ፣ ግራው ብቻ። ያሳክከኛል፣ ይላጣል፣ አንዳንዴም ውሃ ይቋጥራል። ስቀባው ቀለል ይለኝና ተመልሶ ይመጣል። ምነው? ቅባቱን ብቻ ስጪኝ ልጄ።"

አልሰጠሁም። ችፌ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ጡት ይይዛል። ከአንዱ ጡት ጫፍ ጀምሮ ወደ ጥቁሩ ክብ የሚሰፋና በቅባት የማይድን ከሆነ ግን የፔጄት በሽታ፣ ማለትም ጡት ጫፍ ላይ የሚታይ የካንሰር ዓይነት፣ ይጠረጠራል። ጄምስ ፔጄት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1874 እ.ኤ.አ. 15 ያህል ሴቶች ላይ ያየውን ጽፏል። ቁስሉ በታየባቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም የጡት ካንሰር ይዟቸዋል። ጡቱ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ እብጠት የግድ አይኖርም። ቅባቱ ደግሞ ማሳከኩን እያስታገሰ ቀኑን ይበላል።

ይህን ሁሉ ለእማማ አላወራሁም። "ሐኪም ሳያየው አልሸጥም" አልኩ።

"በገንዘቤ! አንቺ ምን አገባሽ?"

አለቃዬ ጩኸት ሰምቶ ከውስጥ ወጣ። "ስጫቸው እንጂ! ደንበኛ ታባርሪያለሽ እንዴ?" ብሎ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። የቀረችው አንድ ፍሬ ነበረች። ቀደም ብዬ አንስቼ ጋዎኔ ኪስ ከተትኳት። ከዚያ ያውጣት እስቲ! እማማ እየረገሙኝ ሄዱ።

ሐኪም ቤት ናሙና ተወሰደላቸው። ፔጄት ሆነ፣ ከሥሩም ካንሰር ተገኘ። ኦፕራሲዮን ሆነው ሲሻላቸው አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዘው መጡ። ለማን ሰጡ? ለአለቃዬ። "ባለቤቱ አንተ አይደለህ፣ እግዜር ይስጥህ" አሉት። አሜን ብሎ ተቀበለ።

አሁን በእሱ ታሪክ "ሐኪም ቤት ይሂዱ" ያለው እሱ ነው። ወደ መደርደሪያው እጄን የሰደድኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ አጠገቡ ቆሜ እየሰማሁ ነው እንዲህ የሚያወራው።

የሚያሳክከው ሰው ሲመጣ "የት ላይ ነው?" ብሎ መጠየቅም ጀምሯል። ያንኑ ቤታሜታዞን ፊቷን ለማቅላት የምትገዛዋን ልጅ ግን እስካሁን ምንም ጠይቋት አያውቅም።