የሁዳዴ ሰኞና የፍሪጄ በረዶ

ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፍሪጄን ከሶኬት ነቀልኳት። ትናንት ቅበላ ነበር። ሥጋው አልቋል፣ ወተቱም ቅቤውም ወጥቷል። ውስጧ የቀረው ግማሽ ሎሚ፣ በጠርሙስ ያለ አዋዜ፣ ትንሽ ቁሌትና ውሃ ነው። ፍሪጅ ለማጠብ ከሁዳዴ መግቢያ የተሻለ ቀን አላውቅም። ሞልታ እያለች ማን ደፍሮ ይነቅላታል?

ትንሽ ናት፣ ባለ አንድ በር። ከላይ የጫማ ካርቶን የምታክል በረዶ ቤት አለቻት። በረዶው ከአራቱም በኩል እየገፋ መጥቶ እጅ ማስገቢያ ብቻ ቀርቶ ነበር። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲሞላ መቅለጥ እንዳለበት አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ጣት እስኪሆን ተውኩት።

ድሮ በረዶ ሲበዛ ፍሪጅ ጎበዝ ሆነ ማለት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ተቃራኒ ነው። በረዶ እንደ ጋቢ ነው፤ ብረቱን ይሸፍንና ቅዝቃዜው ወደ ምግቡ እንዳይደርስ ያደርጋል። ሞተሩም ማረፍ ያቅተዋል፣ ሌሊቱን ሲያጓራ ያድራል። ባለፈው ወር የመብራት ካርዱ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅብኝ የጠረጠርኩት ምጣዱን ነበር።

ቢላ አልነካሁም። ከ3 ዓመት በፊት ነክቼ አይቼዋለሁ። የፋሲካ ዋዜማ ነበር፤ ለቅርጫው ቦታ ላበጅ ብዬ የሽንኩርት ቢላዬን ይዤ በረዶውን መፈንቀል ጀመርኩ። ሁለት ሦስቴ እንደመታሁ ሽሽሽ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚሰማው ዓይነት። ምን እንደሆነ የገባኝ ድምፁ ካለቀ በኋላ ነው። ሠራተኛው መጥቶ ሲያይ «እህቴ፣ ይሄ አልሙኒየም እኮ በጣም ስስ ነው፣ ጋዙ የሚዞረው በሱ ውስጥ ነው» አለኝ። ደፍኖ ጋዝ ሞላላት። ሁለት ወር እንኳን አልቆየችም። ያን ዕለት ከጎኔ ያሉት እማማ ምንም ሳይጠይቁኝ «አምጪው ልጄ፣ እኔ ጋ ይደር» ብለው ሥጋዬን ተቀበሉኝ። እሳቸው ጋ ያልበቃውን ዘልዝዬ ቋንጣ ሰቀልኩት። ያቺን ፍሪጅ አሁንም ሳስባት ይከፋኛል።

የአሁኗ ጀርባ ላይ አር-600ኤ የሚል ተጽፏል። ይህ ውስጧ የሚዞረው ጋዝ ስም ነው፤ የቡታጋዝ ዘመድ ነው፣ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ቢላው ብቻ ሳይሆን ሻማና ከሰልም አጠገቧ አይደርስም። እባካችሁ የፍሪጃችሁ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

የሚያስፈልገው የፈላ ውሃና ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ገደማ ነው። ለበረዶ ግን ይተርፈዋል። ፎጣ አጣጥፌ ከሥር አነጠፍኩ፣ ድስቱን በላዩ አስቀመጥኩ፣ በሩን ዘጋሁ። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ቀየርኩት። መጀመሪያ ጠብታ ብቻ ነበር። ሦስተኛው ድስት ላይ ጧ የሚል ድምፅ መጣ። ስከፍት የጎኑ በረዶ ከብረቱ ለቅቆ ቆሟል። በሁለት እጄ ሳብ ሳደርገው እንደ ዳቦ ቁራጭ ወጣ።

ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ። ብረቱን የነካው ጎኑ ላይ የቧንቧው መስመር ታትሟል። ስብራቱ ላይ ደግሞ ነጭና ጥርት ያለ በረዶ ተደራርቧል። ነጩ ከአየሩ እርጥበት የመጣ አመዳይ ነው። ጥርት ያለው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀልጦ እንደገና የረጋው ይመስለኛል። አራት ቆጠርኩ። የክረምቱ ረጅም መጥፋት የትኛው እንደሆነ ለመገመት ሞከርኩ።

ውሃውን በጆግ ስለካው ሁለት ሊትር ተኩል ሆነ። ይህ ሁሉ ከኩሽናዬ አየር የመጣ ነው። በሩን ከፍቼ ምን ላውጣ እያልኩ ስቆም፣ ትኩስ ሽሮ ሳልከድን ሳስገባ የገባ እንፋሎት። ደግሞም የበሩ ጎማ። አሥር ብር በበሩ መሐል አድርጌ ዘግቼ ሳብኩት። ዙሪያውን ሁሉ ያዝ ያደርጋል፣ ታችኛው ጥግ ላይ ግን ምንም ሳይይዘው ውልቅ አለ። እጥፋቱን ስገልጠው የበሶ ዱቄትና የሽንኩርት ልጣጭ ተጠቅጥቆበታል። በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት። የረገበውን ቦታ በሙቅ ጨርቅ ይዤ ቆየሁ፤ ጎማው ሲሞቅ ይለሰልስና ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ብሩን መልሼ ስሞክረው ያዘ።

ውሃውን በረንዳ ላይ ላለችው ጤና አዳም ሰጠኋት። ፍሪጇን ውስጧ ጠብታ እንዳይቀር በደረቅ ጨርቅ ወለወልኳት። 7 ሰዓት ላይ ሰካኋት፣ መዞሪያውን መሐል ላይ አደረግኩት። ሞተሩ ተነሣ። ትንሽ ቆይቶ ብረቱን በጣቴ ነካሁት፤ ጣቴን ሳብ አደረገው።

ለማታ የሠራሁት ሽሮ አሁን ጠረጴዛ ላይ እየበረደ ነው። ክዳኑን አጠገቡ አስቀምጫለሁ።