ከናንጂንግ በኋላ የተፈረመው ውል

እንግሊዝና ቻይና ኦፒየም በተባለው አደንዛዥ ዕፅ ንግድ ስለተዋጉበት የኦፒየም ጦርነት ሲነሳ ሁሉም የሚጠራው ጦርነቱን ያበቃውን የናንጂንግን ውልና ሆንግ ኮንግን ነው። በእኔ ግምት ግን ቻይናን ጠፍሮ የያዛት ከዓመት በኋላ ጓንዦ ከተባለችው የደቡብ ቻይና ወደብ አጠገብ በሁመን የተፈረመው ተጨማሪ ውል ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቻይናው ንጉሠ ነገሥት የላኩት ሹም ሊን ዘሹ ማርች 1839 ጓንዦ ገብቶ የውጭ ነጋዴዎችን ሰፈር ዘጋና ከ20,000 ሳጥን በላይ ኦፒየም ተረከበ። የእንግሊዝ ንግድ ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ኤልየት ነጋዴዎቹ እንዲያስረክቡ ሲጠይቅ ዋጋውን መንግሥቱ እንደሚተካ ቃል ገባላቸው። በዚህች ቃል የግለሰብ ኮንትሮባንድ የዘውድ ዕዳ ሆነ።

ኦፒየምን በእሳት ማቃጠል አያዋጣም፤ የቀለጠው ወደ መሬት ይሰርግና ከአፈሩ ጋር ተዝቆ እንደገና ይወጣል። ስለዚህ ሁመን ባሕር ዳር ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ ተሞላ፣ ጨው ተበተነበት፣ ኦፒየሙ ተከትክቶ ገባ፣ በላዩ ኖራ ተጨመረ። ኖራው ሲፈላ ሠራተኞች ያማስሉታል፤ ባሕሩ ሲሸሽ በሩ ተከፍቶ ዝቃጩ ይለቀቃል። ሥራው ጁን 3 ተጀምሮ ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀ። ሊን ባሕሩን ስለማቆሸሹ ለባሕሩ አምላክ ጸሎት እስከማቅረብ ደርሷል።

ከዚህ በተነሳው ጦርነት ቻይናን የጎዳት የወንዞቿ መከፈት ነው። ኔመሲስ የተባለችው የብረት እንፋሎት መርከብ ሆዷ ዝርግ ስለሆነ ከ2 ሜትር ባነሰ ውኃ ትሄዳለች፤ ነፋስ አትጠብቅም፣ ትልልቆቹን ባለ ሸራ መርከቦችም ትጎትታለች። የቻይና ምሽጎች መድፍ ደግሞ አብዛኛው በአንድ አቅጣጫ የተተከለ ነው። ጃንዋሪ 7 ቀን 1841 ቹዋንቢ ላይ ወታደሮች ወርደው ምሽጉን ከጀርባው ያዙት።

በዚያው ወር ኤልየትና የቻይናው ተደራዳሪ ቺሻን ሆንግ ኮንግንና 6 ሚሊዮን ዶላርን የያዘ ስምምነት ላይ ደረሱ። ሁለቱም ከተሰጣቸው ትእዛዝ ወጥተው ስለነበር ለንደን አነሰ፣ ቤጂንግ በዛ ብለው ጣሉት። ቺሻን በሰንሰለት ታስሮ ተወሰደ፤ ኤልየት ተሽሮ ሄንሪ ፖቲንጀር ተተካ።

ወሳኙ ቦታ ዠንጂያንግ ነው፤ ታላቁ ቦይ ያንግትዜን የሚያቋርጠው እዚያ ነው፣ ወደ ቤጂንግ ይሄድ የነበረው እህልም በቦዩ ያልፍ ነበር። ከተማዋ ጁላይ 21 ቀን 1842 ወደቀች፤ ከ39 ቀን በኋላ ኦገስት 29 ኮርንዋሊስ በተባለችው መርከብ ላይ የናንጂንግ ውል ተፈረመ።

ውሉ አምስት ወደቦችን ከፈተ፣ ሆንግ ኮንግን ለዘለቄታው ሰጠ፣ 21 ሚሊዮን የብር ዶላር አስከፈለ፤ 6 ለተወረሰው ኦፒየም፣ 3 ለነጋዴዎች ዕዳ፣ 12 ለጦር ወጪ። ክፍያው እስከ 1845 መጨረሻ በየጊዜው የሚፈጸም ሆኖ የዘገየው 5 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል፤ ተከፍሎ እስኪያልቅ ዦሻንና ጉላንግዩ ደሴቶች በእንግሊዝ እጅ መያዣ ሆነው ይቆያሉ። ኦፒየም ወደፊት ይፈቀድ ወይም ይከልከል የሚል አንቀጽ ግን የለውም፤ ስሙ የሚነሳው ካሳው ላይ ብቻ ነው።

በ1843 ዝርዝሩ መጣ። ቀረጥ በአማካይ 5 በመቶ ገደማ ሆኖ ቻይና ብቻዋን ልትለውጠው እንዳትችል ታሰረ፤ ወንጀል የሠራ እንግሊዛዊም በራሱ ሕግ፣ በቆንስሉ እንዲዳኝ ተወሰነ። ኦክቶበር ላይ የተፈረመው ተጨማሪ ውል ደግሞ ለሌላ አገር የተሰጠ መብት ሁሉ ለእንግሊዝም እንደሚሰጥ ደነገገ። በአንጻሩ ቻይና ያገኘችው የለም። ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ሹማምንት ለባዕዳን ሁሉ እኩል መስጠትን የንጉሠ ነገሥቱ ቸርነት አድርገው ስላዩት ብዙም አልተከራከሩም።

እንዴት እንደሠራ ለማየት የአሜሪካን ውል መመልከት ይበቃል። በ1844 ዋንግሺያ ላይ የተፈረመው ይህ ውል ከ12 ዓመት በኋላ ሊሻሻል እንደሚችል ይናገራል። ናንጂንግ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። እንግሊዝ ግን የአሜሪካኖቹን መብት ወስዳ 12ቱን ዓመት ከራሷ ከ1842 ቆጠረችና በ1854 ውሉ ይሻሻል አለች። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ገና ሁለት ዓመት ይቀራቸው ነበር! ቤጂንግ እምቢ አለች። በ1856 የቻይና ፖሊሶች ‹አሮው› የተባለችውን መርከብ ሠራተኞች ሲይዙ የመርከቧ የሆንግ ኮንግ ፈቃድ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ ያም ሆኖ ለሁለተኛው የኦፒየም ጦርነት ሰበብ ለመሆን አላነሰም።

በዚህ ጦርነት መሃል የቲያንጂን ውል በጁን 1858 ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት ሻንጋይ ላይ በወጣው ታሪፍ ኦፒየም በፒኩል (60 ኪሎ ገደማ) 30 ቴል (የቻይና የብር ሚዛን) ብር ቀረጥ ተጥሎበት ሕጋዊ ሆነ። ውሉን ቤጂንግ ሄደው ለማጽደቅ የመጡት መልእክተኞች በ1859 ወደ ቤጂንግ መግቢያ ባለው የዳጉ ምሽግ ላይ ተደብድበው ስለተመለሱ በ1860 ከፈረንሳይ ጋር ትልቅ ጦር መጣ። በ1858 ለእንግሊዝ 4 ሚሊዮን ቴል የነበረው ካሳ 8 ሚሊዮን ሆነ፤ ከሆንግ ኮንግ ፊት ለፊት ያለው ካውሉንም ለእንግሊዝ ተጨመረ። በዚህ ጊዜ ግን በመያዣነት ከሚያዙት ቦታዎች ሌላ፣ ከቻይና ጉምሩክ ጠቅላላ ገቢ አንድ አምስተኛው በየሦስት ወሩ ለዕዳው እንዲቀነስ ተጻፈ።