በዲንሾ ድንኳን ውስጥ የተደረገልን የቅዱስ ገብርኤል ተራዳኢነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስእለት ስላለብኝ ነው። ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዲንሾ በሚገኘው የድንኳን ማረፊያ፣ አልነቃ ያለኝን የአምስት ዓመት ልጄን ታቅፌ፣ «ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፣ ይህን ልጅ ብትመልስልኝ ያደረግህልኝን ሳልደብቅ እመሰክራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ልጄም ተመለሰልኝ። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ፣ የራሴንም ጥፋት ሳልተው፣ እንደሚከተለው እመሰክራለሁ።

ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ መመዝገቡን ባለቤቴና ልጆቼ በዜና ከሰሙ ወዲህ በቤታችን የሚወራው ስለ ሳነቴ አምባና ስለ ቀይ ቀበሮ ብቻ ሆኖ ነበር። ባለቤቴም ለሦስቱም ልጆች «የግማሽ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ እወስዳችኋለሁ፤ ድንኳን ተክለን እናድራለን» ብሎ ቃል ገባላቸው። እኔ ሜዳ ላይ የማደሩን ነገር ብዙም አልወደድኩትም፤ ነገር ግን የልጆቹን ደስታ አይቼ ዝም አልኩ።

በጉዞአችን ዋዜማ፣ ዓርብ ማታ፣ በሰፈራችን ወዳለው የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጧፍ አበራሁ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን መልአኩ ክንፎቹን ዘርግቶ ሠለስቱ ደቂቅን፣ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን፣ ከሚነደው እቶን ሲያድናቸው የሚያሳይ ሥዕል አለ። የእኔም ልጆች ሦስት ስለሆኑ ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚያ ሥዕል ፊት ነው የምለምንላቸው። በዚያችም ማታ «በሰላም ወስደህ በሰላም መልስልኝ፤ መንገዳችንን አንተ ምራው» ብዬ ለመንኩ። ከዚህ የተለየ ጸሎት አልጸለይኩም።

ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነስተን በአዳማና በአሰላ በኩል ተጓዝን። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ደርሰን፣ በብርሃን ድንኳን ተክለን፣ ልጆቹም የደጋ አጋዘኑን በአቅራቢያው እንዲያዩ ነበር ያሰብነው። የነደራርቱ ቱሉና የነቀነኒሳ በቀለ አገር የሆነችውን በቆጂን ጥቂት እንዳለፍን ግን የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ባለቤቴ ክሪኩን አውጥቶ መኪናውን ካነሳ በኋላ ስኮርታው አየር እንደሌለው አየ። ሁለቱንም ጎማ በባጃጅ ጭኖ ወደ በቆጂ ተመልሶ ጎሚስታ ፈልጎ እስኪያስጠግን ድረስ፣ እኔና ልጆቹ በታጨደ የስንዴ ማሳ ዳር አራት ሰዓት ያህል በፀሐይ ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በላይ በላዩ የተደራረበ ነበር። በፖርቶመጋላው ላይ የታሰረው ገመድ ላልቶ ኖሮ፣ ከዶዶላ አልፈን አዳባ ስንደርስ የትንሹ ድንኳን ዘንጎች ያሉበት ከረጢት መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ድስቱ ከኋላ ተገልብጦ ወጡ በሁለት ብርድ ልብሶች ላይ ፈስሷል። የትንሿ ቡታጋዝ መዝጊያም በመንገዱ መንገጫገጭ ተከፍቶ ጋዙ ሲተን ስለዋለ፣ ሲሊንደሩን ሳነሳው እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለኝ። ቡታጋዙ ባዶ መሆኑን ሳውቅ ከአዳባ ገበያ አንዲት የብረት ምድጃና አንድ ማዳበሪያ ከሰል ገዛሁ። ምድጃዋን የገዛሁት እኔው ነኝ፤ ይህን የምጠቅሰው ሌላ ሰው እንዳይወቀስ ነው።

በዚያ ሰዓት በልቤ ያለውንም አልሸሽግም። መስኮቱን ተደግፌ፣ «ትናንት ማታ የለመንኩትን ማን ሰማኝ? መንገዳችንን ምራው ብዬ ይህ ነው ወይ መምራት?» እያልኩ አጉረመረምኩ። ባለቤቴ «ሮቤ ሆቴል እንደር» ብሎኝ ነበር፤ ልጆቹ ግን ድንኳኑን ሲያስቡ ሰንብተው ስለነበር አለቀሱና ሐሳባችንን ለወጥን።

ዲንሾ የደረስነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፣ በጥር ሰማይ ጠርቶ ሲያድር ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ነው። ቡልኮ የተከናነቡ አንድ አዛውንት ጥበቃ በባትሪ እየመሩ ጽዶቹ ሥር ወዳለው ደልዳላ ቦታ ወሰዱን። አማርኛቸው ጥቂት ነበር፤ «ልጄ፣ ብርድ ከባድ ነው፤ ልጆች ደህና ሸፍኚ» ብለውኝ ወደ ማማቸው ተመለሱ።

የትንሹ ድንኳን ዘንጎች ስለጠፉ አምስታችንም በአንዱ ትልቅ ድንኳን ውስጥ ለማደር ተገደድን። እንደ ዕቅዳችን ቢሆን ኖሮ ልጆቹ በአንዱ፣ እኔና አባታቸው በሌላው ነበር የምናድረው። ትንሹ ልጄ ኮከብ እያየሁ እተኛለሁ ብሎ በበሩ በኩል ተኛ። በሩን ዝጋ ብዬ ስነግረው ዚፑን በኃይል ቢስበው ጨርቁን ነክሶ ያዘው፤ ደግሞ ሲስበው ዚፑ ከጥርሱ ወጣ፤ ጨርቁም እስከ ክንድ ድረስ ተቀደደ። የቀኑን ሁሉ ንዴት በዚያ ሕፃን ላይ አወረድኩት። «አንተ ልጅ፣ የቀረንን አንድ ነገር አጠፋኸው!» ብዬ ጮኽኩበት። አባቱ በመርፌ ቁልፍ ሊያያይዘው ሞከረ፤ የነበሩን ሁለት ብቻ ስለሆኑ ከታች በኩል አንድ ስንዝር ተኩል የሚያህል ክፍት ቀረ። ነፋሱ በዚያ ይገባ ጀመር። ልጄን እያለቀሰ አንስቼ በወዲያኛው ጥግ፣ በአባቱ ጎን አስተኛሁትና፣ ነፋሱን በሰውነቴ ልከልል ብዬ ራሴን ወደ ቀዳዳው አድርጌ በእሱ ቦታ ተጋደምኩ።

ከሰሉን ያቀጣጠልነው ውጪ ነበር። ጭሱ አልቆ ቀይ ፍም እስኪሆን ጠብቀን፣ «አሁን ጉዳት የለውም» ተባብለን ነው ወደ ድንኳኑ ያስገባነው። ብዙ ሰው እንደዚህ ያምናል፤ እኔም ከእናቴ ቤት ጀምሮ ያየሁት ይህንኑ ነው። ድንኳኑ ወዲያው ሞቀ፤ ልጆቹም ተፍታቱ። ጥቂት ቆይቶ ትልቋ ልጄ «እማዬ፣ ራሴን ፈለጠኝ» አለችኝ። ከፍታው ነው ብዬ የራስ ምታት ክኒን ሰጥቻት፣ ውኃ አጠጥቼ «ተኚ፤ ጠዋት ይለቅሻል» አልኳት። ይህ ቃሌ ዛሬም ሲታወሰኝ እደነግጣለሁ። ለምድጃው ጀርባችንን ሰጥተን፣ አባታችን ሆይ ደግመን ተኛን።

የቀሰቀሰኝ የተቀደደው የድንኳኑ በር ነው። ከነፋሱ ጋር ተነስቶ ፊቴን መታኝ። ዐይኔን ሳልገልጥ በእጄ ገፋሁት፤ ደግሞ መታኝ። በሦስተኛው የጨርቁ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለው የዚፑ ብረት ከንፈሬን አሳመመኝና ነቃሁ። ነፋስ ነው የሚል ይኖራል፤ ነፋስ መሆኑን እኔም አልክድም። ነፋሱን የላከውን ግን አውቀዋለሁ።

ልነሳ ብል እግሬ የእኔ አልሆን አለ። ራሴ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከብዶኛል። ምን እንደሆንኩ ሳላውቅ ወደ ልጆቹ ዞርኩ። ትልቋ ተኝታ ሳለ አስመልሷታል፤ መካከለኛው ሲጠሩት ያቃስታል እንጂ ዐይኑን አይገልጥም። ትንሹን ባነሳው አንገቱ ወደ ኋላ ወደቀ። ባለቤቴን ስሙን እየጠራሁ ደረቱን ብመታው ቃል ሳይወጣው ተገላበጠ። በዚያን ጊዜ ነው ምድጃዋን ያየኋት፤ ፍሙ በጨለማው ውስጥ አመድ ለብሶ አሁንም ይቀላ ነበር።

ሕፃኑን ታቅፌ በተቀደደው በኩል በደረቴ እየተሳብኩ ወጣሁ። «ቅዱስ ገብርኤል! አባባ፣ ይድረሱልን!» እያልኩ ጮኽኩ። ስእለቴን የተሳልኩት በዚያች ቅጽበት ነው። ሽማግሌው ባትሪያቸውን ይዘው ሲሮጡ መጡና ድንኳኑን አንድ ጊዜ አብርተው ሲያዩ «ከሰል! ከሰል!» ብለው ጮኹ። ምንም አልጠየቁኝም። መርፌ ቁልፉን በጥሰው ገብተው ምድጃዋን በባዶ እጃቸው አውጥተው ወረወሯት፤ ቀጥለውም ልጆቹን አንድ በአንድ፣ በመጨረሻም ባለቤቴን ከብብቱ ይዘው እየጎተቱ አወጡልን። ቡልኯቸውን አውልቀው በሣሩ ላይ ለልጆቹ አነጠፉ። መዳፋቸው በትኩሱ ብረት መቃጠሉን ያወቅሁት ሲነጋ ነው።

ትንሹ ልጄ በዚያ ብርድ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አላሰማም። እኔ «ስለ እናትህ ስለ ድንግል ማርያም» እያልኩ ፊቱን አሸዋለሁ፤ ሽማግሌው በአጠገቤ ተንበርክከው በራሳቸው ቋንቋ ወደ ፈጣሪ ይለምናሉ። ከዚያ አንድ ጊዜ አስነጠሰና አለቀሰ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የሚያስደስት ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ሽማግሌው በስልክ ቀስቅሰው ያስመጡት የከተማው ሚኒባስ ሹፌር ጎባ ሆስፒታል አደረሰን። አራቱም ሌሊቱን በኦክስጅን አደሩ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነበር፤ ሲነጋ አጠገቤ ተቀምጦ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የሌለው፣ ፍሙ ጭስ ቢያቆምም መውጣቱን የማያቆም መሆኑን፣ ከደም ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል እንደሚጣበቅ፣ ሕፃናትም ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድመው እንደሚጎዱ ነገረኝ። ራስ ምታቱንና ማስመለሱን ሰው የከፍታ ወይም የምግብ እያለ እንደሚዘናጋም ጨመረልኝ። «አንቺ እንዴት ነቃሽ?» ሲለኝ ስለ ተቀደደው በር ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «ድንኳኑ ቢዘጋ ኖሮ ማንም የሚጮኽ አይኖርም ነበር» አለኝ።

ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጬ ቀኑን ከመጀመሪያው አንስቼ አሰብኩት። ዘንጎቹ ባይጠፉ ኖሮ ልጆቼ ለብቻቸው በሌላ ድንኳን ነበሩ። ዚፑ ባይቀደድ ኖሮ እኔም አየር በሌለበት ጥግ እተኛ ነበር። በምሽቱ ሕፃኑን የገሠጽኩበት ቀዳዳ እኔ የተነፈስኩበት፣ እሱም የዳነበት በር ሆነ። መኪና ውስጥ ሆኜ ማን ሰማኝ ስል፣ ጸሎቴ ከተሰማ አንድ ቀን ሊሞላው ነበር። ትንሹ ሲነቃ እጁን ይዤ «ይቅር በለኝ፤ ዚፑን እንኳን ቀደድከው» አልኩት። እሱ ግን «እማዬ፣ ቀበሮውን መቼ ነው የምናየው?» አለኝ።

ከሆስፒታል የወጣነው ሰኞ ነው። ቀኑ ጥር 19፣ የቅዱስ ገብርኤል ወርኃዊ በዓል መሆኑን ያስታወሰችኝ ትልቋ ልጄ ናት። በመንገዳችን ዲንሾ ገብተን የሽማግሌውን የተጠቀለለ እጅ ሳምን። ባለቤቴ ገንዘብ ሊሰጣቸው ቢለምናቸው እንቢ አሉ፤ በብዙ ልመና አዲስ ቡልኮ ብቻ ተቀበሉን።

ይህን የምታነቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከሰል ፍም ቢሆንም፣ በር ገርበብ ብሎ ቢቀርም፣ ሰው በሚተኛበት ቤትም ሆነ ድንኳን አታስገቡ፤ ስለ ልጆቻችሁ ብዬ እለምናችኋለሁ። የእኛ ቀዳዳ የተተወልን በቸርነቱ ነው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 19፣ መልአኩ ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ውኃ ባዳነበት በዓል፣ አምስታችንም ቁልቢ ሄድን። የተሳልኩት ምስክርነት ብቻ ቢሆንም፣ ባለቤቴ በበኩሉ አንድ ጥላ ገዝቶ ነበር። ጥላውን ይዞ ያስረከበው ትንሹ ልጄ ነው፤ ከቁመቱ ስለበለጠበት አባቱ ከሥር ደግፎለት ነበር።