አይጧ አስታወሰች ወይስ ፈጥና ዋኘች?

የሳይንስ ጦማሪዎች ስብስባችን አባላት ሁሉም ሌላ የዕለት ሥራ አላቸው። አንዷ ነርስ ናት፤ አንዱ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሌላው በላቦራቶሪ ቴክኒሽያንነት ይሠራል፤ የአርትዖቱን ኃላፊነት የያዝኩት እኔ ነኝ። ጽሑፎቻችን የሚዘጋጁት ማታ ማታና በዕረፍት ቀናት ነው፤ ክፍያም የላቸውም። የሚያስተሳስረን አንድ ደንብ ነው፦ ማንኛውም ጽሑፍ ከጸሐፊው ሌላ የሆነ አባል ዋናውን የጥናት ወረቀት ከፍቶ ሳያመሳክረው ለንባብ አይበቃም። ይህ ደንብ ጊዜ ይፈጃል፤ አልፎ አልፎም ያነታርካል። ከዚህ በታች የምተርከው ገጠመኝ ግን ከሁሉም በላይ መጠበቅ ያለበት ደንባችን እርሱ እንደሆነ ያሳየኝ ነው።

ሳይንሳዊ መጽሔቶች አንድን ጥናት ከማሳተማቸው ጥቂት ቀናት አስቀድመው ወረቀቱንና ጋዜጣዊ መግለጫውን ለጸሐፊዎች ይልካሉ፤ ጸሐፊዎቹም እስከተወሰነ ሰዓት ድረስ ምንም ላለማውጣት ይስማማሉ። የእገዳው ዓላማ በጎ ነው፤ ጸሐፊው ተረጋግቶ እንዲያነብና ባለሙያ እንዲጠይቅ ጊዜ ይሰጠዋል። ሆኖም ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ፣ ያ የማንበቢያ ጊዜ ወደ ሽቅድድም ይቀየራል፤ ከሰዓቱ ያለፈ ጽሑፍ አንባቢ አያገኝም የሚል ስጋትም በሁላችንም ዘንድ አለ።

በዚህ መንገድ ከደረሱን መግለጫዎች አንዱ በአልዛይመር በሽታ ላይ ስለተሞከረ አዲስ ውህድ የሚናገር ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ የሚያንሰው ጸሐፊ ሥራውን ወሰደና በአንድ ሌሊት «የጠፋ ትውስታን የሚመልስ ውህድ ተገኘ» የሚል ርዕስ ያለው ረቂቅ አዘጋጀ። ረቂቁ ጥሩ ነበር፤ ቋንቋው የጠራ፣ ፍሰቱ ያማረ፣ ለታማሚና ለቤተሰቡ የሚራራ ጽሑፍ ነበር። የማመሳከሩ ተራ የነርሷ ነበርና ላክንላት። በማግሥቱ የመጣው ምላሽ አንዲት ጥያቄ ብቻ የያዘ ነበር፤ «ወንድሜ፣ ትውስታ ተመለሰ ሲሉ የለኩት ምንድን ነው?»

መግለጫው ይህን አይናገርም። ወረቀቱ ግን ይናገራል። ሙከራው የተሠራው በሽታውን እንዲያሳዩ ተብለው ዘረመላቸው በተቀየረ አይጦች ላይ ሲሆን፣ የተለካውም እንግሊዛዊው የነርቭ ሳይንቲስት ሪቻርድ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1981 ባስተዋወቀው የውኃ ገንዳ ፈተና ነው። አንድ ክብ ገንዳ በውኃ ይሞላል፤ ውኃው ቀለም ወይም የዱቄት ወተት ተጨምሮበት እንዲደፈርስ ይደረጋል፤ ከውኃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብላ አንዲት ትንሽ መቆሚያ ትደበቃለች። አይጥ መዋኘት ብትችልም ውኃ ውስጥ መቆየት አትፈልግም፤ ስለዚህ የምታርፍበትን ቦታ እየዞረች ታስሳለች። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ያሉ ምልክቶች አይለወጡም፤ መቆሚያዋም ከቦታዋ አትነሣም፤ ስለዚህ ጤናማ አይጥ በየቀኑ ስትሞከር እነዚያን ምልክቶች እያየች መቆሚያዋን ቀስ በቀስ ቶሎ ማግኘት ትለምዳለች። ለማግኘት የሚፈጅባት ሰከንድ ሲያጥር ቦታውን አስታውሳለች ይባላል።

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። ሰከንዱ የሚያጥረው አይጧ ቦታውን ስላስታወሰች ብቻ አይደለም፤ ጡንቻዋ ስለበረታ፣ ክብደቷ ስለቀነሰ ወይም ከቀድሞው ይልቅ ስለተነቃቃች ፈጥና ስትዋኝም ያጥራል። በዚህም ምክንያት ጥንቁቅ ተመራማሪዎች ከገንዳው በላይ በተሰቀለ ካሜራ የዋኘችውን ርቀትና ፍጥነቷን ለብቻ ይመዘግባሉ። ከሥልጠናው በኋላም መቆሚያዋን አንሥተው አይጧ ገንዳው ከተከፈለባቸው አራት ክፍሎች በየትኛው ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደምትቆይ ያያሉ። ቦታውን የምታስታውስ ከሆነ መቆሚያዋ በነበረችበት ክፍል ትመላለሳለች፤ የማታስታውስ ከሆነ በዚያ ክፍል የምታሳልፈው ጊዜ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው ከ25 በመቶ ብዙም አይርቅም።

ነርሷ ዋናውን ወረቀት ጨርሳ አባሪውን ከፈተች። በአባሪው ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ሥዕላዊ መግለጫ ላይ፣ ውህዱን የወሰዱት አይጦች ካልወሰዱት ይልቅ ፈጥነው እንደዋኙ ይታያል፤ እስከ መቆሚያዋ የዋኙት ርቀት ግን ተቀራራቢ ነው። መቆሚያዋ ከተነሣች በኋላም የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት በስታቲስቲክስ ረገድ ጉልህ እንዳልሆነ ወረቀቱ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ አልፎታል። ማንም ምንም አልደበቀም፤ መረጃው ሁሉ ተጽፏል። ሆኖም ከዚያ መረጃ ተነሥቶ «ትውስታ ተመለሰ» ማለት አይቻልም።

ወጣቱ ጸሐፊ በቀላሉ አልተቀበለም፤ የሞገተበትም ነጥብ ክብር የሚገባው ነበር። ወረቀቱ በዘርፉ ባለሙያዎች ተገምግሞ አልፏል፤ እነርሱ ያለፉትን ነገር እኛ፣ ያውም የሌላ ሙያ ሰዎች፣ እንዴት እንጠይቃለን? አለ። ለዚህ መልስ የሰጠው ፊዚክስ አስተማሪው ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ናሳ ጋዜጣዊ ጉባኤ ጠርቶ፣ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው ሞኖ ሐይቅ የተገኘ ባክቴሪያ በዲኤንኤው ውስጥ በፎስፈረስ ፋንታ አርሴኒክ መጠቀም ይችላል የሚለውን ጥናት ይፋ ሲያደርግ፣ ያም ጥናት ተገምግሞ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ነበር። በቀናት ውስጥ ዲኤንኤው በሚገባ እንዳልጠራና ባክቴሪያው ባደገበት ፈሳሽ ውስጥ የነበረው የፎስፌት፣ ማለትም ፎስፈረስ ያለበት ውህድ፣ ቅሪት ለዕድገቱ በቂ እንደሆነ በራሷ ጦማር ላይ የጻፈችው ካናዳዊቷ የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪ ሮዚ ሬድፊልድ ናት። መጀመሪያ ላይ ትችት በጦማር መቅረብ የለበትም የሚል ወቀሳ ተነሥቶ ነበር፤ እርሷ ግን ባክቴሪያውን አስመጥታ በራሷ ላቦራቶሪ አሳደገችው፤ በ2012 ውጤቱን የሚያፈርሱ ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ የእርሷ ቡድን፣ በዚያው መጽሔት ታተሙ። መጽሔቱም በ2025፣ የማጭበርበር ክስ ሳያነሣና ደራሲዎቹ እየተቃወሙ፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ሰረዘው። አስተማሪው ይህን የተናገረው ሁላችንም ሬድፊልድ ነን ለማለት አልነበረም፤ እርሷ የዘርፉ ባለሙያ ናት። ነጥቡ ግምገማ ማለፍ የንባብን ግዴታ ከጸሐፊ ላይ አያነሣም የሚል ነበር፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ቀጥሎ የመጣው የመፍትሔ ሐሳብ ለእኔ ከክርክሩ ይልቅ አሳሳቢ ሆኖ አገኘሁት። ርዕሱን እንዳለ ትተን፣ ሙከራው በአይጦች ላይ መሆኑን በመጨረሻው አንቀጽ እንጥቀስ የሚል ነበር። ይህ በሙያችን በጣም የተለመደ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያነበው ርዕሱን ነው፤ ለዘመድ የሚልከውም ርዕሱን ነው። በመጨረሻው አንቀጽ የተቀመጠ ማስጠንቀቂያ ጸሐፊውን ከወቀሳ ያድን እንደሆነ እንጂ አንባቢውን አይጠብቀውም። ስለዚህ ጽሑፉ በሰዓቱ እንዳይወጣ ወሰንኩ፤ ለጥናቱ መሪም ጥያቄዎቻችንን በጽሑፍ ላክን።

ተመራማሪዋ በትሕትናና በዝርዝር መለሱልን። የሥራቸው ዋና ውጤት በአይጦቹ አንጎል ውስጥ የታየው የብግነት መቀነስ እንደሆነ፣ ወረቀቱ የሚለውም «በውኃ ፈተናው የተሻለ ውጤት ታየ» ብቻ እንደሆነ፣ «በአይጦች» የሚለው ቃል በመግለጫው ርዕስ ላይ እንዲገባ ጠይቀው እንዳልገባ ነገሩን። የፍጥነቱን ጉዳይ ተገቢ ጥያቄ ነው ብለው ተቀበሉ፤ ቀጣዩ ሙከራቸውም መዋኘት የማይጠይቅ ፈተና እንደሚጨምር ገለጹ።

ይህ የአንድ መግለጫ ችግር ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ቢኤምጄ በተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። አጥኚዎቹ ከ20 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ 462 መግለጫዎችን ከዋናዎቹ ወረቀቶችና ከወጡት ዜናዎች ጋር አነጻጽረዋል። በእንስሳት ላይ ከተሠሩት ጥናቶች 36 በመቶው መግለጫ ለሰው ልጅ የሚኖረውን ፋይዳ አጋኗል፤ መግለጫው ሲያጋንን 86 በመቶው ዜና አብሮ አጋኗል፤ መግለጫው ሳያጋንን ግን ያጋነነው ዜና 10 በመቶ ብቻ ነው። እኔን በጣም ያስገረመኝ፣ ማጋነኑ ብዙ የዜና ሽፋን እንዳመጣ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አለመገኘቱ ነው። የምንሽቀዳደምለት ትርፍ ራሱ አጠራጣሪ ነው ማለት ነው።

የእገዳው ሰዓት አለፈ፤ ዜናውም በመግለጫው ርዕስ በየቦታው ተሠራጨ። እኛ የውኃ ገንዳ ፈተና ምን ሊነግረን እንደሚችልና ምን ሊነግረን እንደማይችል የሚያብራራውን ጽሑፍ ዘግየት ብለን አወጣን፤ ያነበቡትም ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ ግን ደብዳቤ ላከችልን። እናቷን በቤት ውስጥ ታስታምማለች፤ እናቷ የልጃቸውን ስም ከረሱ ቆይተዋል። ዜናውን ከሌላ ቦታ አንብባ ውህዱ የት እንደሚሸጥ ስትፈልግ ነው የእኛን ጽሑፍ ያገኘችው። ጥያቄዋ ሁለት ነበር፦ መድኃኒቱ መቼ ይወጣል? እስከዚያስ ሐኪም ያዘዘው ብዙም ለውጥ ስላላመጣ ላቋርጠው?

ደብዳቤው ሲነበብ ከመካከላችን ስለ አንባቢ ቁጥር ያነሣ አልነበረም። መልሱን እንድትጽፍ ነርሷን ጠየቅናት፤ እርሷም እያንዳንዱን ቃል እያመዛዘነች ጻፈች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «እኅቴ፣ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገሩ የእናትዎን መድኃኒት አያቋርጡ» የሚል ነበር፤ ምክንያቱም አንባቢዋ ሌላውን ሁሉ ሳታነብ ብትቀር እንኳ ይህ ሊደርሳት ይገባል። ከዚያ አይጦች በተፈጥሯቸው አልዛይመር እንደማይዛቸው፣ በሽታውን እንዲመስሉ የሚደረጉት ከሰው የተወሰደ የተዛባ ዘረመል ገብቶባቸው እንደሆነ፣ በሰው ላይ ግን ሕመሙ ለብዙ ዓመታት ተጠራቅሞ የነርቭ ሴሎችን እያጠፋ እንደሚመጣ አስረዳች። በእንደዚህ ዓይነት አይጦች ላይ ተስፋ ከሰጡት ውህዶች አብዛኞቹ በሰው ላይ ሲሞከሩ እንዳልሠሩ፣ ይህኛውም ገና በሰው ላይ እንዳልተሞከረ፣ ቢሞከርም በመጀመሪያ ደኅንነቱ፣ ቀጥሎ ጥቅሙ ስለሚፈተሽ ዓመታት እንደሚወስድ ሳትሸሽግ ነገረቻት። የተስፋ ቃል አልጨመረችም፤ ተስፋ የሚያስቆርጥም ቃል አልተጠቀመችም። በመጨረሻ ስለ አስታማሚዋ ጠየቀች፤ ሌሊት ትተኛ እንደሆነ፣ የሚያሳርፋት ሰው እንዳለ። ሴትየዋ መልሳ ስትጽፍ ያመሰገነችው ለዚህ የመጨረሻ ጥያቄ ነበር፤ ስለ መድኃኒቱም ሐኪሙን እንደምታነጋግር ገለጸች።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የእንስሳት ጥናት ሲዘገብ፣ ጥናቱ በየትኛው ፍጥረት ላይ እንደተሠራና በትክክል የተለካው ምን እንደሆነ በርዕሱ ወይም በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መግባት አለበት፤ ያመሳከረው አባል ስምም ከጸሐፊው ስም ጎን ይቀመጣል። ክርክሩ ግን አልተዘጋም። ፊዚክስ አስተማሪው በአይጦች ላይ የተሠራ የመድኃኒት ጥናት ጨርሶ መዘገብ የለበትም ይላል፤ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል ባይ ነው። ነርሷ ደግሞ አንባቢው ዜናውን ከሌላ ማግኘቱ ስለማይቀር የተጣራውን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል ትላለች። እኔ ከነርሷ ጋር ነኝ። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ በውሾች ላይ ተሞክሮ በጥር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የስኳር ሕመምተኛ ልጅ ተሰጥቷል፤ ከእንስሳት የሚጀምር መንገድ አንዳንዴ ወደ ሰው ይደርሳል፤ ስለዚህ መንገዱን እስከደረሰበት ድረስ በትክክል መዘገብ ይገባል።

ወጣቱ ጸሐፊ አሁን የዚያኑ ቡድን አዲስ ሙከራ እየተከታተለ ነው። ወረቀቱ ሲወጣ የሚያመሳክረው ፊዚክስ አስተማሪው እንዲሆን የጠየቀው ራሱ ነው፤ አስተማሪውም ከነአባሪው እንዲላክለት ነግሮታል።