የጉድኝት ቅዳሜ ከጮቄ ሥር

ይሄ በ2011 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ላይ የሄድኩት ጉዞ ነው። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። አሁን በአማራ ክልል ስንትና ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ባለበት ሰዓት የድሮ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ እነዛ መምህራን ፊቴ ላይ ድቅን እያሉ ስላስቸገሩኝ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

የሄድኩት ኮሌጅ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ጋ ነው። ስናን ወረዳ ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው መንገድ፣ ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። እኔም አዲስ አበባ ሁለተኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ እና ስልክ ላይ በተገናኘን ቁጥር ስለ ልጆቹ ነው የምናወራው። አንድ ቀን "ቅዳሜ ቅዳሜ ጉድኝታችን እየተሰበሰበ ነው፣ ነይና በዓይንሽ እዪው" አለችኝ። መምህር ላልሆናችሁ፣ ጉድኝት ማለት አንድ ማዕከል ትምህርት ቤት ይኖርና በዙሪያው ያሉት ሳተላይት ትምህርት ቤቶች ከሱ ጋር ይያያዛሉ፣ ሱፐርቫይዘር ይመደብላቸዋል፣ መምህራኑ እየተገናኙ እንዲማማሩ ነው ሐሳቡ። በዛ ላይ ተሙማ የምንለው አለ፣ ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠራ ይጠበቅበታል። እኔ ባየኋቸው ቦታዎች ግን ይሄ 60 ሰዓት ሰኔ ላይ በሁለት ቀን ተጽፎ፣ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተመቶበት ፖርትፎሊዮ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ስለዚህ ጓደኛዬ "እንሰበሰባለን" ስትለኝ ብዙም አላመንኳትም። የኛ ትምህርት ቤት የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ነበር፣ እነሱ ጀምረዋል፣ ሄድኩ።

እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ምን ልበላችሁ፣ አባይ በረሃን ስንወርድ ሙቀቱ፣ ጃፓኖች የሠሩት ድልድይ፣ ከዛ ደጀን ላይ ምሳ፣ አለቀ።

ሌሊቱን ግን አልረሳውም። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ያዝኩ፣ አልጋው 180 ብር፣ "ሙቅ ውኃ አለ" ብለው ነው ያስገቡኝ። ሙቁ ቀርቶ ቀዝቃዛውም አይወርድም። ለእንግዳ ተቀባዩ ስነግረው "ነገ ጠዋት ይመጣል" አለኝና ቲቪውን ማየቱን ቀጠለ። ከታች ደግሞ መጠጥ ቤት አለ፣ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ስፒከሩ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ጫካ መሃል ብተኛ አልፈራም፣ ጩኸት ግን አልችልም፣ እቤቴም ጎረቤት ሬዲዮ ሲከፍት ሄጄ የማንኳኳ ሰው ነኝ። ብርድ ልብሱ የሌላ ሰው ሽታ ነበረው፣ ጃኬቴን ደርቤ ተቀምጬ ነው ያነጋሁት። 180 ብሩን አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ጠዋት ወደ ስናን ከተማ፣ ወደ ረቡዕ ገበያ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሁሉም ሰው 25 ብር እየከፈለ ረዳቱ እኔን ሃምሳ አለኝ፣ ምነው ስለው "ለሻንጣ"፣ ሻንጣዋ እኮ ጭኔ ላይ ነች። ልከፍል ስል አጠገቤ የተቀመጡ አንድ እናት ዶሯቸውን እንዳቀፉ ዞር አሉና "አንተ ልጅ፣ የሰው አገር ሰው አየህና ነው? ነውር አይደለም እንዴ! መልስላት" አሉት። ሰው ሁሉ አጉረመረመ፣ መለሰልኝ። ከዛ "ምን ሠራተኛ ነሽ ልጄ?" አሉኝ፣ መምህርት ነኝ ስላቸው ፊታቸው በራ፣ ልጃቸው አራተኛ ክፍል ነው አሉ፣ "ማንበብ ግን አልሆነለትም፣ እሱም ያፍራል እኔም አላውቅለት" አሉኝ። ወደ ላይ እየወጣን ስንሄድ ብርዱ ሲያንዘፈዝፈኝ አይተው የጋቢያቸውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እስክንደርስ በአንድ ጋቢ ሁለታችን ሆነን ሄድን። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ያለው ሰው ስልኩን ነው የሚያየው፣ እኔም ስልኬን።

አርብ ቀን ጓደኛዬ ክፍል ገብቼ ኋላ ተቀመጥኩ። ከስልሳ በላይ ልጅ። አንድ ልጅ አውጥታ ዱላ አስያዘችውና ከፊደል ገበታው ላይ አስነበበችው፣ በዜማ "ሀ ሁ ሂ ሃ" እያለ አንድ ሳይሳሳት ሄደ፣ ክፍሉ ይቀበለዋል። ከዛ ዱላውን ተቀብላ "ቤ" ላይ አስቀመጠችና "ይሄስ?" አለችው። ዝም አለ። ዓይኑ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለሰ፣ ጣቱን "በ" ላይ አድርጎ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ እያለ እየቆጠረ መጣና "ቤ!" አለ። ደስ ብሎት። ሌላ ልጅ አወጣች፣ እሱም እንደዛው ከ"በ" ተነሳ። ጓደኛዬ ወደኔ አየች። እኔ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆችም እንደዚሁ ናቸው፣ ያኔ ነው ጉዳዩ የኔም እንደሆነ የገባኝ። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ የተለያዩ ክልሎች የተደረገው የንባብ ምዘና 34 በመቶ የሚሆኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳን ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር። ቁጥሩን በሥልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ። እዛ ክፍል ውስጥ ግን ቁጥሩ ጣቱን "በ" ላይ አድርጎ ሲቆጥር አየሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ማዕከሉ ላይ ተሰበሰቡ። አበል የለም። ከሩቁ ሳተላይት የመጡት ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ነው የደረሱት፣ እግራቸው እስከ ጉልበት አቧራ። አስር አስር ብር አዋጥተው ድንች ተቀቅሏል፣ ቡና ተፈልቷል፣ የገብስ ቆሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሷል። ክፍሉ ፔዳጎጂካል ማዕከላቸው ነው፣ የማስተማሪያ መርጃ የሚቀመጥበት፣ ግድግዳው ሁሉ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ በተሣሉ ሥዕሎች ተሸፍኗል፣ የአበባ ክፍሎች፣ የማባዣ ሠንጠረዥ፣ የኢትዮጵያ ካርታ። ሱፐርቫይዘሩም አሉ፣ ግን ቅጽ አልያዙም፣ ኋላ ወንበር ላይ ቡናቸውን ይጠጣሉ።

ደንባቸው አንድ ነው፣ የሚናገር ሰው በመጀመሪያ በሳምንቱ ያልሠራለትን ትምህርት ይናገራል። ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኛ አገር መምህር ሂስና ግለሂስ፣ ግምገማ፣ ነጥብ መቀነስ ሲያይ የኖረ ነው፣ "ክፍልህ ውስጥ ምን አልሆነልህም?" ሲባል ነገ በኔ ላይ ይመጣል ብሎ ነው የሚያስበው። እንዴት ደፈራችሁ አልኳቸው። አንደኛዋ "ሱፐርቫይዘራችን መጀመሪያ የራሳቸውን ነገሩን፣ ወጣት መምህር ሳሉ ልጆችን በመምታት እንዴት እንደበደሉ፣ ከዛ በኋላ ማን ይፈራል" አለችኝ።

መጀመሪያ የተናገረው ጀማሪ መምህር ነው፣ ዓመቱን ገና ያልጨረሰ። ረቡዕ የገበያ ቀን ስለሆነ ክፍሉ ግማሹ ይቀርበታል፣ እሱ ግን መደመርና መቀነስን እንደ ዕቅዱ ረቡዕ ጀምሮ ሐሙስ ግማሹ ልጅ ምንም አያውቅም። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች መምህርት "እኛም ተቸግረን ነበር፣ አሁን አዲስ ነገር ረቡዕ አንጀምርም፣ ረቡዕ ልምምድ ብቻ ነው" አለችው። ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሰው ልቡ የሚያርፈው እንዲህ ባለ ነገር ነው እኮ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ያለ ጎረቤት ያውቀው የነበረ።

ቀጥሎ ጓደኛዬ የፊደሉን ነገር አነሳች። ክርክር ሆነ። አንዱ ወላጅ ቤት ስለማያስጠና ነው አለ፣ ሌላው የክፍሉ ብዛት ነው አለ፣ ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። ከዛ ጡረታ የደረሱ አንድ መምህር ተነሱ፣ መንግሥት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት የቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ ናቸው። "ይሄን እኮ የኔታ ያውቁታል" አሉና ጠመኔ አንስተው አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ብለው ጻፉ። "አያችሁ፣ አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሳልስ፣ ዳ ራብዕ። ፊደሉም ይለወጣል ቤቱም ይለወጣል። ሀ ሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚህ ጋ ዜማው አያድነውም፣ ፊደሉን ማየት አለበት። የኔታ ሀ ሁ ሲያልቅ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩን ለዚህ ነው።" እኔ አቡጊዳን ልጅ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። አሥራ ምናምን ዓመት አስተምሬ!

አንድ መምህር እጁን አወጣና "ጋሼ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ብናስገባ የሙስሊም ልጆች ወላጆች ምን ይላሉ?" አላቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ማንም አላኮረፈም። እሳቸውም "ፊደል ነው እንጂ ጸሎት አይደለም፣ ቢሆንም ሐሳቡን እንውሰድ፣ መልኩን እንቀይረው" አሉ። በመጨረሻ የተስማሙት ካርቶን ቆርጠው እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ጽፈው እየደባለቁ ለማስነበብ ነው። ሦስት የሁለተኛ ክፍል መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ እንዲያይም ተነጋገሩ።

እዚህ ላይ ነው የተለመደው ችግር የመጣው፣ እነሱ ሌላ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ክፍላቸውን ማን ይይዛል? ርዕሰ መምህራኑ ተያዩ። ሱፐርቫይዘሩ ቡናቸውን አስቀመጡና "እኔ እይዛለሁ፣ ማክሰኞ አንዱን ሐሙስ አንዱን፣ ጠመኔ መያዝ አልረሳሁም" አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ዕንባዬ መጣ፣ አላፍርም ብናገረው። የኔና የጎረቤታችን ትምህርት ቤት በአንድ አጥር ነው የምንለያየው፣ የነሱ ደወል ሲደወል እኛ እንሰማዋለን፣ እዛ ሁለተኛ ክፍል ማን እንደሚያስተምር ግን አላውቅም ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዓት ተራምደው ይገናኛሉ።

ከሰዓት በኋላ ካርቶን ስንቆርጥ ዋልን፣ የሳሙና ካርቶን፣ የብስኩት ካርቶን፣ ያገኘነውን። መመለሻዬ ላይ ሚኒባሱ 25 ብር ብቻ አስከፈለኝ፣ ደብረ ማርቆስም ሳላድር አለፍኩ።

ከሳምንታት በኋላ ጓደኛዬ ደወለች። ልጆቹ አሁን ከ"በ" አይነሱም፣ ግን ንባባቸው ገና ቀርፋፋ ነው አለች፣ ደግሞ ሌላ ነገር ብቅ ብሏል፣ ሳድስ፣ ስድስተኛው ቤት። ካዕብና ሳልስ ምልክታቸው ብዙ ጊዜ ወጥ ነው፣ ብ እና ት እና ን እና ር ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ነው የሚለወጡት፣ ልጆቹ እዛ ላይ ይቆማሉ። የሚቀጥለው ቅዳሜ የሳድስ ነው አለችኝ። "እናንተ ጋስ የትኛው ላይ ነው የሚቆሙት?" ብላ ጠየቀችኝ። በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት በአጥሩ በኩል ዞሬ ጎረቤት ትምህርት ቤት ገባሁና ሁለተኛ ክፍል የሚያስተምረው ማን እንደሆነ ጠየቅኩ።